የሙሽራዋ መኪና ፍሬን

«የፍሬን ጉዳይ አይደለም፤ የሆድ ጉዳይ ነው» አለች የማራኪ አክስት ገነቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና። «ታናሽ ቀድማ ስትዳር የማይከፋው ማን አለ? እኔም ብሆን ይከፋኛል። ግን በሠርግ ጠዋት ሟርት ምን ይሉታል?»

ማራኪ ጓዳ ተቀምጣ ከተከራዩት ሳህኖች መካከል አፋቸው የተሸረፈውን እየለየች ነበር። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የተንጠለጠለው መጋረጃ ድሮ የታናሽ እህቷ፣ የዛሬዋ ሙሽራ የሀኒ አንሶላ የነበረ ስስ ጨርቅ ነው፤ ሹክሹክታ ቀርቶ ትንፋሽ ያሳልፋል። ገነቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማራኪ እጇን ሳህኑ ላይ እንዳሳረፈች የእናቷን መልስ ጠበቀች። «ልጄ እንዲህ አይደለችም» ቢሉላት፣ ሌላው ቢቀር «ተይ አንቺ ደግሞ» ቢሉ ይበቃት ነበር። እናቷ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላዋ ትንሽ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ።

ነገሩ የጀመረው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሚነግደው ወንድማቸው ሶፎንያስ «እህቴ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በእኔ መኪና ነው» ብሎ ከማለ ሰንብቷል። እንዳለውም አዲስ አበባ ላይ አንዲት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና በሰው አስገዝቶ፣ የሁሉም ታናሽ የሆነውን ቲቶን ሄደህ አምጣት አለው። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ግን ቀይ ናት፣ ስትነሳ ታጉረመርማለች፣ ሰፈሩም ውስጥ እሷን የመሰለች ታይታ አታውቅም። ሶፎንያስ በስልክ ሲያያት አንድ ነገር ብቻ ቅር አለው፤ ከመሬት ከፍ ብላ «እንደ ታክሲ ቆማለች» አለ። ስለዚህ ቲቶ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ አንድ ጋራዥ አስገባትና የአራቱንም ጎማ ሞላ በግራይንደር አስቆረጠው። መኪናዋ ወርዳ ወርዳ ጎማዋን ፓራፋንጎዋ ውስጥ ደብቃ መሬት ላይ የተኛች መሰለች። ሶፎንያስ እዚያው ስልኩ ውስጥ እልል አለ አሉ።

ቲቶ ሰፈር ሲገባ ማራኪ በር ላይ ቆማ ነበር። የጎረቤት ፍየል ድንገት መንገድ ገባችበትና ፍሬን ያዘ። ያኔ አየችው። የፊት ጎማዎቹ ገና እየተንከባለሉ የኋላዎቹ በፍሬኑ ተነክሰው መዞር አቆሙ፤ ኮረቱን በሁለት መስመር እያረሱ ሲንሸራተቱ የመኪናዋ ጭራ ወደ ቆርቆሮው አጥር ዞረ። ፍየሏ አመለጠች። ቲቶ በመስኮት ብቅ ብሎ «አየሻት ስትደንስ!» አለና ሳቀ። ማራኪ አልሳቀችም። ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አውቶ መካኒክ ታስተምራለች፤ የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ሲነከስ ምን እንደሚመጣ ትንሽ የእንጨት መኪና ጠረጴዛ ላይ እያዞረች ለስንቱ ተማሪ አሳይታለች። ወዲያው ተንበርክካ የስልኳን መብራት ከስር ላከችው። የፈራችውንም አገኘችው።

የዚህች መኪና የኋላ ፍሬን ዘይት ግፊቱን በምትመጥን አንዲት ቫልቭ በኩል ያልፋል። ቫልቯን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያያይዘው አክሰል ጋር የሚያገናኛት ቀጭን ዘንግ አለ። ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን የመኪናዋ ጀርባ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቯም «ተጭኗል ማለት ነው» ብላ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ጀርባው ከፍ ይላል፤ ያኔ ትቆጥባለች። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚወድቅ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ መኪና የኋላ ጎማው መሬት የሚይዝበት አቅም ትንሽ ነው፤ ብዙ ፍሬን ከሰጡት ይነከሳል። ሞላው ሲቆረጥ ግን ጀርባው ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ምስኪኗ ቫልቭ ቀንም ሌትም ሰው የተጫነ መስሏት ባዶዋን መኪና እንደ ሙሉ ትይዛታለች። በደረቅ ኮረት፣ በቀስታ፣ ፍየል ታመልጣለች። በዝናብ፣ ወደ ሙሽራው አገር ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግን የመኪናዋ ጭራ ከአፍንጫዋ ይቀድማል። የሠርጉ ቀን ጉዞም ይኸው ነበር፤ ሙሽራው የሞርሲቶ ልጅ ነው፣ ቲቶ ባዶዋን መኪና ብቻውን ነድቶ ሄዶ ሙሽራውንና ሚዜውን ሊያመጣ ነው፣ ወሩም ዝናብ የማይጠፋበት ግንቦት ነው።

ማራኪ ዛሬ ቁርስ ላይ ይህን ሁሉ አልዘረዘረችም። «አባባ፣ መኪናዋ ሳትስተካከል ባትሄድ ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፤ አንድ ማሰሪያ ፈትቼ ዝቅ አድርጌ አስረዋለሁ። እንዲህ እንዳለች ዝናብ ላይ ፍሬን ከተያዘባት ትዞራለች፤ ሰው ይሞታል» አለች። ስህተቷ የመጨረሻው ቃል ነበር። አባቷ አቶ ተረፈ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጅ በሚድሩበት ጠዋት ማዕዳቸው ላይ «ይሞታል» ሲባል ዳቦውን አስቀመጡና «በኢየሱስ ስም!» አሉ። ሌላው ሁሉ «አሜን!» ብሎ ተቀበለ። ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቲቶ፣ ስለ አራቱም ጎማ ጸለዩ። ጸሎቱ ከልብ ነበር፤ ማራኪም አሜን ብላለች። ነገር ግን ጸሎቱ ሲያልቅ ጉዳዩም ያለቀ መሰላቸው። «ጸሎቱ ጥሩ ነው አባባ፤ ቡሎኑን ደግሞ ልፍታው» ስትል ወደ ሀዲይኛ ዞሩ። አማርኛ ለእንግዳና ለስብከት ነው፤ ሲቆጡ የቤታቸውን ቋንቋ ነው የሚናገሩት። አፍሽን በበጎ ክፈቺ አሏት። እህትሽ ከቤቴ በምትወጣበት ቀን ሞት የሚጠራ አፍ ከየት አመጣሽ አሏት። ማራኪ የበላችበትን ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ገነቴም መጋረጃው እስኪወርድ ጠብቃ ያለችውን አለች።

ቲቶ ክፉ ልጅ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ በጓዳው በር ራሱን አስገብቶ «ማሬ፣ ነይ ውጪ። ፊትሽ እንሞክራትና ልብሽ ይረፍ» አላት። ስትወጣ ጓደኛው አዶናይ ከፊት ወንበር ተሰይሟል፤ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ከኋላ ጉልበታቸው አገጫቸውን ነክቶ ታጭቀዋል። አዶናይ የእሷ ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጺ ሆኗል። መኪናዋ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች፣ ዞረች፣ እየጮኸች መጣችና ማራኪ ፊት እንደ ችካል ተተክላ ቆመች። ጭራዋ ስንዝር አልዞረም። ጎረምሶቹ እያፏጩ ተግተልትለው ወረዱ።

«ቲቸር!» አለ አዶናይ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «ዛሬ ኤፍ አገኘሽ!»

«አራት ሆናችሁ ስለተጫናችሁ ነው የቆመችው» አለች። «እናንተ ውረዱና ቲቶ ብቻውን ይሞክራት።»

«ቆይ፣ ቆይ። ስንጫናት ትቆማለች፣ ባዶዋን ስትሆን አትቆምም? ይሄን ነገር የእህል ጫኞች ሰምተውታል? ቲቸር፣ እኛ ሲጫን እምቢ የሚል ፍሬን ነው የምናውቀው!»

ሳቁባት። በሳቃቸው ልትፈርድ አልቻለችም። ጭነት የበዛበት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደሚከዳው የማያውቅ በሰፈሩ የለም፤ ስንት ለቅሶ ተደርሶበታል። እሷ ደግሞ መጥታ የተገላቢጦሹን ትናገራለች፤ እነሱ ያደጉበትን እውነት ሳትክድ ሌላ እውነት ከጎኑ ማቆም አለባት፤ ይህን ለማድረግ ሰሌዳና ጸጥታ ያስፈልጋታል እንጂ የሠርግ ጠዋት አይበቃትም። ቢሆንም ቲቶ ትንሽ አመነታ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወንበሩን አየ። አንዴ ብቻውን ቢሞክራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ስልኩ ጮኸ፤ ሶፎንያስ ነው፣ በምስል።

ሶፎንያስ ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ነበር፤ ከጀርባው የዱቄት ከረጢትና የሳሙና ካርቶን ይታያል። ቲቶ ነገሩን በሁለት ቃል ነገረውና ስልኩን ለማራኪ ሰጣት። «ማራኪዬ፣ ዝቅ ያለች መኪና መሬት ትይዛለች፤ ኩርባ ላይ አትገለበጥም። ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው» አላት።

«ኩርባ ላይስ እውነትህን ነው፤ ትሻላለች። እኔ የምልህ ስለ ፍሬን...»

«ማራኪዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በፍጹም ርኅራኄ። «ያንቺም ቀን ይመጣል። ያንቺን የምደግስልሽም እኔው ነኝ።»

አዶናይ እንኳ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ማራኪ ስልኩን ለቲቶ መለሰችለት። ብትቆጣ ቅናት ነው፣ ብታለቅስ ቅናት ነው፣ ስለ ዘንግና ስለ ቫልቭ ብትቀጥል ቅናት ዘንግና ቫልቭ ለብሶ መጣ ይባላል። ቲቶም የወንድሙን ድምፅ ከሰማ በኋላ ለመሞከር አፈረ። መኪናዋን ለማስጌጥ ወደ ሱምያ ግቢ ይዟት ሄደ።

ሱምያ ከእነሱ አራት ቤት ወረድ ብላ የሠርግ ማስጌጫ የምታከራይ ጎረቤት ናት። ማራኪ ስትደርስ ቲቶ ቁልፉን መኪናዋ ላይ ትቶ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዷል፤ ሱምያ ብቻዋን ነጭ ሪባን ከኮፈኑ ጋር እየታገለች ስለ ሪባን ዋጋ ለራሷ ታማርራለች። ማራኪ የለበሰችው ለበዓሉ የተሰፋውን አረንጓዴ ቀሚስ ነው፤ ፀጉሯ ትናንት ተሠርቷል፣ ጥፍሯን ሀኒ በገዛ እጇ ቀብታላታለች። በክንዷ ሥር ግን የመፍቻ ቁልፎቿን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሱምያ፣ የዚህን ቦይ ክዳን ላነሳው ነው።»

«ምን ገባብሽ ውስጡ?»

«ምንም። መኪናዋን ቦዩ ላይ አቁሜ ከስር ልገባ ነው።»

ሱምያ ሪባኗን እንደያዘች ከራስ እስከ እግሯ አየቻት። «በዚህ ቀሚስ?»

«በዚህ ቀሚስ።»

«ወላሂ፣ ዛሬ የእናንተ ቤት ሰው ሁሉ አብዷል! አባትሽ ለምርቃት ልጆቼ ተሰብሰቡ ብለው አስለፍፈው የለ እንዴ?»

«ከዚያ በፊት እጨርሳለሁ።»

«እሺ፣ ላስቲክ ላምጣልሽ። ግን ስሚ፣ እኔ አላየሁም። ቢጠይቁኝ አበባ ስሰካ ነበር ነው የምለው።»

«እንደሱ በይ» አለች ማራኪ።

በክሪክ ብታነሳት ይቀል ነበር፤ ግን ጎማዎቹ ከተንጠለጠሉ የዘንጉ ልክ ይሳሳታል፤ ማስተካከል ያለባት መኪናዋ በገዛ ክብደቷ መሬት ረግጣ ሳለ ነው። ስለዚህ ደረቁ ቦይ ውስጥ ላስቲኩን አንጥፋ በጀርባዋ ተኛችና ወደ ውስጥ ተሳበች። ሪባኑ ከላይ ይንኮሻኮሻል፤ የመኪናዋ ሆድ አፍንጫዋን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የዘንጉ ማሰሪያ ረዘም ባለች ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነው፤ ሞላው በተቆረጠበት ልክ ማውረድ ነበረባት። ቡሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ናፍጣ አጠጣችው፣ ጠበቀች፣ ቁልፉን በመዳፏ መታችው፣ አልሆነም። ደግማ አጠጣችው። በእጇ ብትመታው፣ በእግሯ ብትገፋው፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ ብትሰድበው እምቢ አለ። ተማሪዎቿን የዛገ ዳዶ ላይ አትቸኩሉ ትላቸዋለች፤ እሷ ግን የቸኮለችው ለምርቃቱ ነበር። እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ብሎ ሲዞር ላብ ዓይኗ ገብቷል።

ማሰሪያውን እያወረደች ሳለ የአባቷ ድምፅ በሞንታርቦ መጣ። ምርቃቱ ቀድሞ ተጀምሯል። አቶ ተረፈ ልጆቻቸውን በየስማቸው፣ በተወለዱበት ቅደም ተከተል ነው የሚመርቁት። «ማራኪ!» አለ ድምፁ በሰፈሩ ሁሉ ላይ። የበኩር ልጅ ናት። «ማራኪ የት አለች?» ማይኩ ፊት አንድ ሰው ሲያስለው ተሰማ። «ማራኪን ያያችሁ?» ዘንጉ በጣቶቿ መካከል ተንጠልጥሏል። አሁን ጥላው ብትሮጥ ትደርሳለች፤ ግን ሳይታሰር የተተወ ዘንግ ከነበረው የከፋ ነው፤ ቲቶ ደግሞ ከፀጉር ቤት መጥቶ ሞተር ለማስነሳት ማንንም አይጠይቅም። ዳዶውን በጣቷ ያዘችው። ሞንታርቦው ትንሽ ጠበቃትና «ሶፎንያስ፣ በሰው አገር ያለህ ልጄ» ብሎ አለፋት። እሷም አጠበቀች። ማሰሪያው የቀዳዳው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ነው የደረሰው፤ ልክ በቃ፣ ከዚያ በታች የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ከቦዩ ወጥታ፣ መኪናዋን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ ክዳኑን ገጥማ እጇን በሳሙና ስትፈትግ ቲቶ ደረሰ። መኪናዋን ነድታ ልትሞክራት አስባ ነበር፤ ጊዜ አላገኘችም። «ምርቃት ላይ ፈለጉሽ እኮ» አላት ወደ መኪናዋ እየገባ፤ የት ነበርሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም። ልንገረው ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ታናሿ የተዳረችባት እህት በሠርጉ ጠዋት መፍቻ ይዛ የሙሽራዋ መኪና ሥር ታየች ከተባለ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ጎማ ቢያፈነዳ እንኳ የእሷ እጅ ነው።

ቤት ስትገባ ሀኒ በነጩ ቀሚሷ በር ላይ ቆማ አዶናይ ይቀርጻታል። ማራኪን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «አባባ እጁን ራሴ ላይ ሲጭን ዓይኔን አልጨፈንኩም» አለቻት ቀስ ብላ። «በሩን እያየሁ ነበር፤ አንቺን።»

«ሥራ ነበረብኝ» አለች ማራኪ። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጆሮዋን ቀፈፋት። ሀኒ ጣቶቿን አየች፤ ቀለሙ ተልጦ ጥቁር ከጥፍሮቿ ሥር ቀርቷል። አንድ ነገር የምትጠይቅ መሰለች። ግን አዶናይ «ሙሽሪት፣ ወደዚህ፣ ወደ ብርሃኑ!» ሲል ዞረች።

ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። ማራኪ የሳህኑን ነገር ትታ ጃንጥላ ይዛ ወጣች፤ በአቋራጭ እስከ መናኸሪያው ጥግ፣ ቲቶ ወደ ሞርሲቶ ሲሄድ አስፋልት እስከሚይዝበት ቦታ ድረስ ሮጠች። ቀይዋ መኪና ሪባኗ እየተርገበገበ፣ ውስጧ ከቲቶ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ቁልቁል እየፈጠነች መጥታ አጠገቧን አለፈች። ያን ጊዜ አንዲት ባጃጅ የተሳፋሪ ሻንጣ ጣሪያዋ ላይ አዝላ ግራ ቀኝ ሳታይ ከመናኸሪያው ወጣች። የመኪናዋ የኋላ መብራት ቀላ፣ አፍንጫዋ አጎነበሰ፣ ውኃ ከአራቱም ጎማ ተረጨ፤ ከባጃጇ አንድ ክንድ ሲቀራት፣ ቀጥ ብላ፣ ጭራዋን ከኋላዋ አሰልፋ ቆመች። ባለባጃጁ ሰደበ፣ ቲቶ ጡሩምባ ነፋ፣ ሁለቱም ሄዱ። ትኬት ሻጮቹ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ማለታቸውን አላቋረጡም። ሊሆን የነበረ ነገር እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማው እሷ ብቻ ነበረች። የአንድ ሱቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ባለሱቁ ደንበኛ መስላው «ምን ልስጥሽ?» አላት።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከቡላ የተሠራው አተካና በቅቤ እየዋኘ በየጠረጴዛው ዞረ፤ ክትፎው ከቆጮው ጋር ተከተለ፤ መዘምራኑ ሁለቴ ዘምረው ለስላሳ ጠጡ። ሙሽራው ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ ሚዜው ስለ ቲቶ አነዳድ ለሁሉም ያወራል። አቶ ተረፈ ተነስተው ምስጋና አቀረቡ። አማርኛቸው ሲሰብኩ ያምራል። «ዛሬ ጠዋት» አሉ «ጠላት በገዛ ቤታችን አፍ ተጠቅሞ ፍርሃት ሊዘራብን ፈልጎ ነበር። መንገዱ አይሳካም፣ መኪናው አይቆምም አለን። እግዚአብሔር ግን ይኸው፣ ልጆቻችንን ሳይነካቸው አደረሰ!» ድንኳኑ አሜን አለ። የማንንም ስም አልጠሩም፤ ግን ገነቴ ዞር ብላ ማራኪን ስላየች የገነቴ ጠረጴዛ ሁሉ ዞር ብሎ አየ። ማራኪ ፊቷ ያለውን ሹካ ቀጥ ብሎ እንዳልተቀመጠ ሁሉ አስተካከለችው። እናቷ ራቅ ብለው ተቀምጠው ነጠላቸውን ያጣጥፋሉ፤ አጣጥፈው ይፈቱታል፤ እንደገና ያጣጥፉታል።

ቲቶ ሳህኑን ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ። ፊቱ በደስታ ያበራል። «አባባ የሚለውን አትስሚው፤ ሽማግሌ ነው። ግን ማሬ፣ ሙች! ባጃጅ ፊቴ ገባች፤ በዝናብ፣ ብቻዬን፣ በባዶዋ። ቀጥ!» መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አሳያት። «ታዲያ ያልሽው የታለ? ትዞራለች አላልሽም?»

«እሰይ፣ አልዞረች» አለች።

«አየሽ። እንዲህ ስትይ ነው የምታምሪው።» ቆጮውን ጎረሰ። «ሶፊ ደውሎ ነበር። ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ከኋላ ሌላ ሁለት ጣት ወርዳ ትታይ ብሎኛል። ሰኞ እዚሁ አስቆርጣታለሁ፤ ከዚያ ሙሽራው ራሱ ይነዳታል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማራኪ ሁሉን ውጣ ልትኖር ወስና ነበር። ሟርተኛ ትባል፣ ቀናተኛ ትባል፤ አንድ ቀን ሀኒ ልጅ ስትወልድ ይረሳል። አሁን ግን ሀኒ ከሙሽራው ጎን ስትስቅ አየቻትና ማሰሪያው የቀዳዳው መጨረሻ ላይ የደረሰበት ቦታ በጣቶቿ ታወቃት።

«አታስቆርጣትም።»

«ደግሞ ጀመርሽ?»

«ቲቶ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስማኝ። ጠዋት ሱምያ ግቢ ከስሯ ገብቼ አስተካክያታለሁ። በባዶዋ ቀጥ ያለችልህ ለዚያ ነው። ከዚህ በላይ ከወረደች ግን የምትስተካከልበት ቦታ የላትም፤ ጨርሻለሁ። ሀኒ ናት የምትቀመጥባት።»

ቲቶ ማኘኩን አቆመ። መኪናዋን ባጃጇ ፊት ያቆማት የእሱ አነዳድ አለመሆኑን መስማት ከብዶት ይሁን፣ ደንግጦ ይሁን፣ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ብድግ አለና «የሙሽራ መኪና ፍሬን ፈታሽ?» አለ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያልተሰጠው ልጅ ነው፤ መዘምራኑም በዚያች ሰዓት ዝም ብለው ነበር።

ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከምግቡ ፈጥኖ ዞረ። መፍታቷ ከሙሽራው ወገን ዘንድ ደረሰ፤ ማስተካከሏ መንገድ ላይ ቀረ። ቲቶ ምን እንዳደረገ የገባው ዘግይቶ ነው፤ «አይ፣ እሷ እኮ ያለችው...» እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ፤ የሚሰማው አላገኘም። ገነቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። የሙሽራው አጎት፣ ጨዋ ሰው፣ ተነስተው አቶ ተረፈን በጆሯቸው አነጋገሯቸው፤ ቆይተውም ሙሽሮቹ ወደ ሞርሲቶ የሚመለሱት በእነሱ ሚኒባስ እንደሆነ ለሚዜው ነገሩት። ማንም አልጮኸም። ሀኒ ቀሚሷን ሰብስባ በማራኪ ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ አንድ ጊዜ ቆም አለች፤ ሚዜዎቿ በክንዷ ይዘው ወሰዷት። ማራኪ ከጠዋት ጀምሮ የለመነችው ይኸው ሆነ፤ እህቷ በዚያች መኪና አልሄደችም። ያስቀራት ግን ፍሬኑን መፍራት አይደለም፤ ማራኪን መፍራት ነው።

አቶ ተረፈ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ድስቶቹ በሚታጠቡበት በኩል፣ መኪናዋ በቆመችበት ቦታ አገኟት። የመኪናዋን ቁልፍ ይዘዋል። አልተቆጡም፤ የተናገሩት በሀዲይኛ ቢሆንም በቀስታ ነበር።

«የነካሽውን እንደነበረ መልሺው» አሏት።

«ምን ብዬ አባባ?»

«ሶፎንያስ እንደላካት ትሁን። እኔ ሰኞ ሞርሲቶ ሄጄ፣ ልጄ የነካችው ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሷል እላቸዋለሁ። ስምሽ ይነጻል። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።»

አየቻቸው። ዝናቡ ኮፍያቸው ላይ ያንጠባጥባል፤ ዓይናቸው ሥር ያለው ቆዳ ከጠዋቱ ይልቅ ወርዷል። ሊያድኗት ነው የመጡት፤ እሷ ቲቶን ልታድን ቦይ ውስጥ እንደገባች ሁሉ እሳቸውም በሚያውቁት መፍቻ ሊያድኗት መጥተዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ይህ ሰው ያላትን አድርጋለች፤ የመረጡላትን ትምህርት ቤት ተምራ፣ አይሆንም ያሉትን ሰው ትታ፣ ደሞዟን ለቤት አምጥታ ኖራለች። ግማሽ ሰዓት የለመነችበት ጠዋት ትዝ አላት፤ አሁን ለማፍረስ ሲሆን የፈለገችውን ያህል ሰዓት ሰጧት።

«አልመልሰውም» አለች።

«ማራኪ።»

«እርግማንዎንም እቀበላለሁ አባባ። አልመልሰውም። ማንም እንዲመልሰውም አልተውም።»

እጇን ዘርግታ ቁልፉን ያዘች። አቶ ተረፈ አልለቀቁም። ከድንኳኑ ውስጥ መዘምራኑ ጀመሩ፣ ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ሄደ፤ አባትና ልጅ ዝናብ ላይ ቆመው ቁልፉን በሁለቱም ጫፍ እንደያዙ ነበሩ። እሳቸው ሸምግለዋል፤ የእሷ ጣቶች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የዛገ ዳዶ ሲያላቅቁ ውለዋል። እስኪለቁላት ጠበቀች።